በማን ጥላ ትከደናለች

ጥቅምት 4

ለወንድሜ ልጅ ለሚጢጢ፤

እንደምን ከርመሻል? ወጥተሽ መግባትሽ በሰላም ይሁን፤ ክፉ ዓይን አይይሽ፤ በሰው አገር ቀና ብሎ መሄድን አያሳጣሽ። እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬን ካነሳሁ አይቀር፣ ባለፈው በስልክ ያልሽኝን አንዲቷንም አልሰማሁም። «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ነው የዘጋሁት። ምኑን እሺ እንዳልኩ ፈጣሪ ይወቀው። ስለዚህ ከእንግዲህ በወረቀት ይሁን። ወረቀት ካልገባኝ ደግመው ያነቡልኛል፤ ስልክ ግን ካመለጠ አመለጠ ነው።

እኔ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። ይህን የምትጽፈው የጓሮውን ክፍል የተከራየችው ልብስ ሰፊ ናት። ያልኩትን ብቻ እንድትጽፍ አስጠንቅቄያታለሁ። አሁንም «አባባ፣ ቀስ ይበሉ» እያለችኝ ነው። ጻፊ እንጂ! ሐሜት ላይ እንዲህ ቀርፋፋ አይደለሽ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ልጄ ከሞተ ወዲህ የዚያ የዓሣ ገንዳው ነገር የሁሉ ሰው ጉዳይ ሆኗል። ገሚሱ ሽጠው ይላል፣ ገሚሱ ድፋው ይላል። መነጽር ቤት አብሮት ይሠራ የነበረው ሰውዬ ደግሞ «ወደ ሱቃችን እንውሰደውና ደንበኛ ተራ ሲጠብቅ ይየው» አለኝ። የልጄ ልብ እዚያው ሱቅ፣ የሰው መነጽር እየሞረደ ሳለ ቀጥ ማለቷ አልበቃ ብሎ! የመነጽሩ ባለቤትስ ቢሆን፣ ሐዘን ላይ ተቀምጠን መጥቶ «ያጽናችሁ» ካለ በኋላ ጎንበስ ብሎ «ለመሆኑ መነጽሬ አልቆ ነበር?» ብሎ ጠይቆኛል። ሰው እንዲህ ነው።

አልሸጥም፤ አልደፋም። ልጄ በሕይወት እያለ ያንን ክፍል ረግጬው አላውቅም። «የሞኝ ባሕር» ነበር የምለው። ውሃ የሚጠጣ ነገር ነው፤ ውሃ ገዝቶ ጨው ጨምሮ አፍጥጦ የሚያይ ሰው ምን ይባላል? አሁን ግን ገብቻለሁ። አንዲት ዓሣና ጥቂት ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ ያንቺ ዛጎል ግን ከድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። ያኔ በውሃ ከረጢት ይዘሽለት ስትመጪ አውራ ጣት ታክል የነበረችው፣ አሁን ሁለት መዳፌን ብገጥም ነው የምታህለው። አፏን ከፍታ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የሆነ ከንፈሯን ወደ ውጭ አውጥታ ተንሰራፍታለች። ደህና አድርጌ ላያት ቀረብ ስል ክድን! ናቀችኝ።

እንግዲህ አንቺ ደመወዝ የምትበዪው በባሕር እንስሳ ነው፤ ንገሪኝ። ውሃ አታስተምሪኝ፤ የዚህ ሰፈር ሰው ፊቱን የሚታጠበው እኔ በዘረጋሁት ቧንቧ ነው። የማላውቀው ጨውን ነው። እንዳትሞት ምን ላድርግ? ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ። የሱ የሆነ ነገር በሕይወት የቀረ እሷ ብቻ ናት።

አጎትሽ፣ ባለ ቧንቧው


ጥቅምት 29

ላሳደጉኝ ለጋሼ፤

ጤናዎ ይመለስ፤ ዕድሜዎ ይርዘም፤ ቤትዎን ሰላም አያሳጣብኝ። ደብዳቤዎን ያነበብኩት በሥራ ቦታዬ፣ የጎማ ቦቲ እግሬ ላይ እንዳለ ቆሜ ነው። ሥራዬን ሁልጊዜ ይጠይቁኝ ነበር፤ ይኸው ልንገርዎት። ሰዎች የባሕር እንስሳ ለማየት ከመስታወቱ ፊት ይቆማሉ፤ እኔ ከመስታወቱ ኋላ ሆኜ አጸዳለሁ፣ እመግባለሁ። እነሱ እኔን አያዩኝም።

ጋሼ፣ ዛጎሏ አልናቀችዎትም። ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ነጠብጣብ የመሰሉ ነገሮች አሉ አይደል? እነሱ ዓይኖቿ ናቸው። መልክ አይለዩም፤ የሚለዩት ብርሃንና ጥላ ነው። በብርሃኑና በእሷ መካከል አንድ ነገር ድቅን ሲል «የሚበላኝ መጣ» ብላ ትከደናለች። ጥላ ካልወደቀባት አትዘጋም። ስለዚህ ወንበርዎን በጎን አድርገው ይቀመጡ፤ ያኔ ተዝናንታ ያዩዋታል።

ምግቧ ከመብራቱ ነው የሚመጣው። በሥጋዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ ተክል የመሰሉ ነገሮች ይኖራሉ፤ እነሱ ብርሃን እየበሉ እሷን ያበላሉ። ስለዚህ መብራቱ ቀን አይጥፋ። ከሥሯ ባወጣችው ክር ድንጋዩን ጨብጣለች፤ ላስተካክላት ብለው አያንሷት፣ ሥጋዋ ይቀደዳል። ፓምፑ የሚገፋው ውሃ ፊት ለፊት አይምታት። ውሃው እየተነነ ሲጎድል የሚጨምሩበት ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ ነው። ከሁሉ በላይ ጨዉም ሙቀቱም ዛሬ ከፍ ነገ ዝቅ አይበልባት። እሷ ችግር ትችላለች፤ የማትችለው ለውጥ ነው።

ጨው፣ የጨው መለኪያና ለቅርፊቷ ማጠንከሪያ የሚሆን ጠብታ ልኬያለሁ። ለልብስ ሰፊዋ እህቴ ሰላምታዬ ይድረስ። ስለ እሱ ልነግርዎት የምፈልገው ብዙ ነበር። ሌላ ጊዜ።

ሚጢጢዎ


ኅዳር 26

ለሚጢጢ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ የላክሽው ደርሷል፤ እጅሽ አይንጠፍ። «ጨው የሌለው ውሃ ጨምር» የሚለው ሲነበብልኝ «ይቺ ልጅ በሰው አገር ነካ አደረጋት» ብዬ ነበር። በኋላ ግን እሳት ላይ የተረሳ ድስት ትዝ አለኝ፤ ውሃው ያልቃል፣ ጨዉ እታች ይቀራል። ልክ ነሽ። ልክ የሆነን ሰው ልክ ነህ እላለሁ፤ እኔ እንደሌላው አልኮራም። ልብስ ሰፊዋ እዚህ ላይ ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አልገባኝም።

ባልዲ ይዞ መመላለስ ግን የእኔ ሥራ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ቧንቧ የዘረጋ ሰው በባልዲ ሲቀዳ ቢታይ ጎረቤት ምን ይላል? የተጣራውን ውሃ በርሜል ሞልቼ ግድግዳው ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩና በቧንቧ አወረድኩት። ልጄ የዘረጋውን የልጅ መጫወቻ የመሰለ ቱቦ ነቅዬ ጣልኩት። የኔን እንዴት አድርጌ እንደሠራሁት አሁን አልነግርሽም፤ ስትመጪ ዓይንሽን ታጥበሽ ታይዋለሽ። ልጄ ከሥራ ሲገባ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ነበር ውሃ የሚጨምርላት፤ ከሳሎን ሆኜ ውሃው ሲወርድ ይሰማኝ ነበር፣ ያኔ ጆሮ ነበረኝ። እኔም በዚያው ሰዓት ቧንቧዬን ከፍቼ፣ እስኪሞላ ጠብቄ እዘጋለሁ። ከዚያ አንቺ እንዳልሽው በጎን እቀመጣለሁ።

አሁን የምነግርሽን ረጋ ብለሽ አንብቢ። ከትናንት ወዲያ እንደ ልማዴ ውሃውን ጨምሬ ተቀመጥኩ። መብራቱ በርቷል። መጋረጃው ተጋርዷል። ልብስ ሰፊዋ ጓሮ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ግድግዳውን ሲያንቀጠቅጠው በጀርባዬ ይሰማኛል። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም። ዛጎሏ ክድን አለች። ቀስ ብላ አይደለም፤ ሰው ድንገት ሲቆምባት እንደምትከደነው። ቆየት ብላ ተከፈተች፤ ደግማ ተከደነች። ዘወር ብዬ በሩን አየሁት። ዘግቼው ነበር የገባሁት፤ ገርበብ ብሏል።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋን ጠርቼ አስቀመጥኳት። «አንቺ እዪ፤ እኔን አርጅቶ ነው እንዳይሉኝ» አልኳት። ውሃውን ጨመርኩ፤ ተቀመጥን። ክድን! «አባባ፣ ማን ገባ?» አለችኝና ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ይኸው አሁንም ስትጽፍ በሩን በሩን ታያለች፤ ፊደሉ ከተጣመመ ከሷ ነው።

አንቺው ነሽ በጽሑፍ የላክሽልኝ። ጥላ ካልወደቀባት አትዘጋም ብለሻል። እንግዲህ ማን ነው የሚቆምባት? በዚያ ሰዓት ከሥራ ይገባ የነበረ ማን ነው?

አጎትሽ


ታኅሣሥ 22

ለጋሼ፤

ብርታቱን ይስጥልኝ፤ ቀንዎ የተባረከ ይሁን። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ጋሼ፣ ያዩትን አላዩም አልልዎትም። እኔ በዚያ ክፍል የለሁም።

ግን ሥራዬ ነውና ልጠይቅዎት፤ አይቆጡኝ። ዛጎል ያለ ጥላም የምትከደንበት ምክንያት አለ፤ ያኔ ይህን ልጽፍልዎት ይገባ ነበር። ነገር ሲጎረብጣት ትከደናለች። ዓሣዋ ከንፈሯን እየነከሰቻት ይሆን? ከፓምፑ ሽቦ ኤሌክትሪክ ሾልኮ ይሆን? እጅዎን ሲነክሩ ይነዝርዎታል? ውሃው ውስጥ ብረት ነገር ወድቆ ይሆን፤ ሚስማር፣ ብሎን፣ ሳንቲም? ቀንድ አውጣዎቹስ እንዴት ናቸው? መስታወቱን እየዞሩ ይልሳሉ ወይስ ተኝተዋል? እባክዎ ስለ ቀንድ አውጣዎቹ ሳይረሱ ይጻፉልኝ።

በሩም አሮጌ ነው፤ ድሮም በራሱ ይከፈት ነበር። ልጆች ሆነን በዚያ በር ስንት ጊዜ ተደባብቀን ተቆጥተውናል።

ሌላ ጨው ልላክ? ይንገሩኝ።

ሚጢጢ


ጥር 19

ለሚጢጢ፤

ሰላም ነሽ ወይ? እኔ ሰላም ነኝ፤ ከመቼውም ይልቅ ሰላም ነኝ።

እኔ ስለ ልጄ ስጽፍልሽ አንቺ ስለ ቀንድ አውጣ ትጠይቂኛለሽ። እሺ፣ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል። አንድ በአንድ ከመስታወቱ እየወደቁ አለቁ። ሰነፍ ፍጥረት ነው፤ ማን ይፈልጋቸዋል? ዓሣዋ ግን ጤነኛ ናት፤ እንደ ባለ ሱቅ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ዛጎሏን አትነካትም፤ አጠገቧም አትደርስ። ኤሌክትሪክም የለም፤ እጄን ነክሬ አይቻለሁ።

ብረት ያልሽው ግን ደሜን አፈላው። ብረት? እኔ ጨው ውሃ ላይ ብረት የማስገባ ጀማሪ ነኝ? ብረት ይዝጋል! ይህን ሥራ ሳትወለጂ ነው የማውቀው። እንዳልነግርሽ ብዬ ነበር፤ ካስቆጣሽኝ ልንገርሽ። ያ ከበርሜሉ የሚወርደው ቧንቧ መዳብ ነው። ጥርት ያለ ቀይ መዳብ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ። አሁን ገበያ ላይ የሌለ፣ ብትፈልጊም የማታገኚው። ከደህናው ዘመን ሥራዬ ያተረፍኩት ነው፤ ልጄ ቤት ሲሠራ እዘረጋለታለሁ ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት። ቤት አልሠራም። እንግዲህ ቤቱ ያ ገንዳ ነው ብዬ ለሱ ዘረጋሁለት። መገጣጠሚያውን ብታይ፣ ጠብታ አያሾልክም። ሲወለወል ፊትሽን ያሳይሻል።

እሱም ሳይወደው አልቀረም መሰለኝ፤ መምጣቱን አብዝቷል። ድሮ ውሃ ከጨመርኩ በኋላ አንዴ ሁለቴ ነበር የሚቆመው። አሁን ይመላለሳል። ትከደናለች፣ ትከፈታለች፣ ትከደናለች። አንድ ወንበር ጨምሬ ከኔ ትይዩ አስቀምጫለሁ፤ ቆሞ እስከ መቼ? ልብስ ሰፊዋ ያንን ወንበር ስታይ በግድግዳው ጥግ ታልፋለች። የሷ ነገር ነው። እኔ አወራዋለሁ። የሰፈሩን ወሬ፣ የመነጽር ቤቱን ሰውዬ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደከበረ። በሕይወት እያለ ይህን ያህል አውርተን አናውቅም።

ጨው አትላኪ፤ ይበቃኛል። አንድ ነገር ግን ላኪልኝ። እናንተ በስልክ ስታወሩ ነው የምትውሉት፤ ስለ እኔ ምን ይልሽ ነበር? ክፉም ከሆነ ጻፊው። ፊት ለፊቱ ስቀመጥ የምመልስለትን ልወቅ።

አጎትሽ


መጋቢት 23

ለጋሼ፤

እግርዎ ሥር ወድቄ ሰላም እላለሁ። መዘግየቴን ያውቃሉ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ለሥራ ለብሼ ነበር፤ መልሼ ልብሴን አውልቄ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ስንት ወረቀት ጀምሬ እንደቀደድኩ አልነግርዎትም። ባልጽፍ ደግሞ ዛጎሏ ትሞታለች።

ጋሼ፣ መዳብ ለሰው መልካም ነው። ለዓሣዋም ብዙ አይከፋ። ቀንድ አውጣንና ዛጎልን ግን ይመርዛል፤ ቅንጣቱ ይበቃል። እኛ ሥራ ቦታ መዳብ የነካ ባልዲ እንኳ ወደ እነሱ ክፍል አይገባም። ቀንድ አውጣዎቹ ሰንፈው አይደለም። ውሃው ቀኑን ሙሉ በመዳቡ ውስጥ ተኝቶ ይውልና፣ እርስዎ እሱ በሚገባበት ሰዓት ሲከፍቱት የሟሟበትን መዳብ ይዞ ገንዳው ውስጥ ይወርዳል። ያኔ ነው የምትከደነው። እየበዛ የሄደውም መዳቡ ውሃው ውስጥ እየተጠራቀመ ስለሆነ ነው። እያመማት ነው፣ ጋሼ።

ቧንቧው ሁሉ ይውጣ። ቁራጩም አይቅር። ፕላስቲክ ይሁን፣ ካልሆነም በእጅ ይጨመር። ከገንዳው ውሃ በየቀኑ ትንሽ እየቀዱ በአዲስ የጨው ውሃ ይተኩት፤ በአንዴ ግን አይለውጡት። መዳብ የሚመጥ ስፖንጅና ከሰል፣ ጨውም ጨምሬ ልኬያለሁ። አፏ ተከፍቶ እጅዎን ቢያስጠጉባት እንኳ የማትከደን ከሆነ አብቅቷል።

ቧንቧው ሲወጣ መከደኗ ይቀራል። ይህን መጻፍ ነበር ያቃተኝ። እሱ ይመጣል አይመጣም ብዬ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። እኔም መስታወት ሳጸዳ ከማዶ የቆመ ሰው ሁሉ እሱ የሚመስለኝ ቀን አለ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ስለ እርስዎ ክፉ ተናግሮ አያውቅም። በስልክ እያወራን ድንገት ዝም ይልና «ቆይ፣ ቆይ» ይለኝ ነበር። «አባባ በሩ ጋ ቆሟል። ኮቴው መጥቶ እዚህ ደርሶ ቀጥ አለ።» እኔ «በለው እንጂ ይግባ» ስለው ይስቃል። «ዝም በይ፤ ካወራን ይሄዳል» ይለኛል። ሁለታችንም በስልኩ ግራና ቀኝ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቅ ነበር። ከዚያ «ሄደ» ይለኛል። ብዙ ጊዜ ነው እንዲህ የሆነው።

ልጅዎ ሚጢጢ


ሚያዝያ 11

ለሚጢጢ፤

ደብዳቤሽ ደርሷል። በመዳብ ስንት ቤት፣ ስንት ሐኪም ቤት ውሃ አጠጥቻለሁ፤ አንድም ሰው አልሞተብኝም። ልጄን ከቤቴ ልታስወጪ በቀንድ አውጣ መጣሽ። ከእንግዲህ አትጻፊ። እኔም አላስጽፍም።

(ይህችን እኔ ልብስ ሰፊዋ ነኝ የጨመርኳት፤ ይቅር ይበሉኝ። የዛጎሏ ከንፈር ጫፍ ነጥቷል። አባባም ምግብ ትተዋል።)


ሚያዝያ 30

ለጋሼ፤

ፈጣሪ ቁጣዎን ያብርድልኝ። አትጻፊ ብለውኛል፤ ጽፌያለሁ። እርስዎ ባሳደጉት ልጅ እልህ መገረም የለብዎትም።

እውነት ነው፤ መዳብ ሰው አይገድልም። እሷን ግን ይገድላታል። አንድ ነገር ብቻ ያስቡልኝ። የሚቆመው እሱ ነው እንበል። ቆሞ የሚያየው እሷን ነው አይደል? እሷ ከሞተች ወዲያ ምኑን ሊያይ ይመጣል?

ሚጢጢ


ነሐሴ 17

ለወንድሜ ልጅ ለሚጢጢ፤

ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? ጤና ከቤትሽ አይራቅ፤ ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ አፍሽ እንደደፈረ ልብሽም አይፍራ። ከተቆጣሁሽ ወዲህ ዝም ብያለሁ። የዝምታውን ልንገርሽ፤ ይቅርታ እየጠየቅሁሽ ግን አይደለም።

የመጨረሻዋን ደብዳቤ ልብስ ሰፊዋ አነበበችልኝ። ድገሚው አልኳት። ስትደግመው አለቀሰች። «ወረቀቱን አታርጥቢ» አልኳትና ተነስቼ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ልቤ ውስጥ ያለው አንቺን ማሳፈር ነበር። ልጄ የሚመጣ ከሆነ፣ ቧንቧው ተከፈተ አልተከፈተ ምን አገባው? ስለዚህ በዚያ ቀን ቧንቧውን ሳልከፍት ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ደረሰ። ሰዓቱ አለፈ። ዛጎሏ እንደተከፈተች ዋለች። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን አላስቻለኝም፤ ብድግ ብዬ ቧንቧውን ከፈትኩት። ወዲያው ክድን አለች። መጣ።

ያኔ አወቅሁ። ሞኝ አይደለሁም። የሚጠራው እጄ ነው።

አውቄም ግን ከፈትኩት። በማግስቱም ከፈትኩት፤ ከዚያም ወዲያ። ማንም አይፍረድብኝ። አንድ ሰው ልጁ የሚመጣበትን ቧንቧ በእጁ ቢሰጡት ምን ያደርጋል? ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማ «አባባ፣ ተዉ» ትላለች፤ እኔ እንዳልሰማ እሆናለሁ። ደንቆሮ መሆን ለአንዳንድ ነገር ይጠቅማል።

አንድ ቀን ግን ከፈትኩት፤ ልትከደን ጀመረችና መንገድ ላይ ቆመች። እኩሌታዋን። አቅም አጣች። ከንፈሯ ተጨማዶ፣ ጫፉ እንደ ታመመ ሰው ከንፈር ነጥቶ፣ ልዝጋ ስትል ስትታገል አየኋት። እኔም ዓይኔን ወደዚያ ባዶ ወንበር አዞርኩ። እንዲህ አልኩት፦ «ልጄ፣ በሕይወት እያለህ በርህ ላይ ቆሜ እመለስ ነበር፤ ሰምተኸኝ ነበር አሉ። ልግባ አላልኩም። አሁን ደግሞ አንተ በገባህ ጊዜ እኔው ላስወጣህ ነው። ካንተ ጋር ላወራ ብዬ ያሳደግካትን ገደልኳት። ውጣልኝ።» ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትጽፍ እንደገና ልታለቅስ ነው። ጻፊ፤ ውጣልኝ ብዬዋለሁ።

መጋዜን አመጣሁ። «አባባ፣ ነገ ይሁን፤ ደክመዋል» አለችኝ። ነገ ካልኩ እንደማልቆርጠው አውቃለሁ። መዳብ ሲቆረጥ ይጮሃል፤ እኔ አልሰማሁትም፣ በክንዴ እስከ ትከሻዬ ድረስ ወጣ። የገጠምኩትን ሁሉ ፈታሁት። ያ ሁሉ ሥራ! አንዱ መገጣጠሚያ እንኳ አልላላም ነበር፤ ይህን እንድታውቂው እፈልጋለሁ። ቁራጮቹን ድሮ በነበሩበት ጨርቅ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አስገባሁት።

ከዚያ በባልዲ ሆነ። አዎ፣ በባልዲ! ጨውሽን በጥብጬ፣ በመለኪያሽ ለክቼ፣ እየቀዳሁ እያፈሰስኩ ስመላለስ ጎረቤቱ በመስኮት አይቶ «ባለ ቧንቧው፣ ቧንቧ የለህም እንዴ?» አለኝ። «የለኝም» አልኩት። ያንን ነጭ ስፖንጅሽን ውሃው ውስጥ ብሰቅለው ቆይቶ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ያየሁት ጊዜ ቁጭ አልኩ። ያ ሁሉ ልጄ ነው ያልኩት እዚያ ስፖንጅ ላይ ነበር።

ብዙ ጊዜ ሞታለች ብዬ ነበር። ከንፈሯን ሳታወጣ፣ ገርበብ ብላ የምትውልበት ቀን ነበር። ስለማላውቀው መጻፍ ስለማልወድ ነው ዝም ያልኩሽ። አሁን ግን አውቃለሁ፤ ተርፋለች። ተከፍታ ትውላለች። ከንፈሯ እስከ ድንጋዩ ድረስ ይፈሳል፤ ነጩ ጫፍ ቀለም ተመልሶለታል።

ሰዓቱ ሲደርስ ዛሬም እቀመጣለሁ። ትከፈታለች፤ እንደተከፈተች ትቆያለች። ምንም አይሆንም። ልብስ ሰፊዋ አሁን አትፈራም፤ ልብሷን ይዛ መጥታ ከመስታወቱ ሥር ሆና ትዘመዝማለች፣ መብራቱ ጥሩ ነው ብላ። በዚያ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ተነሺ ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ክፍሉ ባዶ ነው፣ ሚጢጢ። ባዶ ክፍልን ደንቆሮም ይሰማዋል።

ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ ናት አንድ ነገር ያየችው። «አባባ፣ እዚህ ጋ ምን ሆነች?» አለችኝ። ቅርፊቷ ጠርዝ ላይ አንድ ነጭ መስመር ወጥቷል፤ ቀጭን፣ እንደ ክር፣ ገና ቆሻሻ ያልነካው። ሕመም መስሎኝ ደነገጥኩ። ቀን በቀን ሳየው ግን እየሰፋ ነው። ማደጓ ነው፤ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ጣቴን መስታወቱ ላይ አድርጌ እለካዋለሁ። ከመስመሩ በታች ያለው ሁሉ ልጄ ያሳደገው ነው፤ ቢያየው ያውቀዋል። ከመስመሩ ወዲህ ያለውን ግን እሱ አላየውም። በየቀኑ በትንሽ በትንሹ እሱ የማያውቃት ዛጎል እየሆነች ነው፤ መብራቱን የማበራላት እኔ፣ ውሃ የምቀዳላት እኔ።

አጎትሽ